ስንት ጊዜ ነካኸው?

የባሏ የዴልበርት ጆሮ መቼ እንደደከመ ናዲን አታውቅም፤ እሷ ያወቀችበትን ቀን ግን አትረሳውም። ባለፈው ጥር ኮሪደራቸው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ጢጥ ማለት ጀመረ። በየደቂቃው ጢጥ። ቀጭን፣ ጥርስ የሚያፋጭ፣ ሰው የሚያሳብድ ድምፅ። ናዲን በዚያ ሰሞን ዳሌዋን በቀዶ ጥገና ሊቀይሩላት ቀጠሮ እየጠበቀች ስለነበር መሰላል መውጣት አትችልም፤ «ራሱ ይቀይረዋል» ብላ ተወችው። አንድ ቀን አለፈ፣ ሳምንት አለፈ። ሰውዬው ከማስጠንቀቂያው ሥር ቆሞ የጫማውን ክር ያስራል፣ ከሥሩ ቆሞ ጋዜጣ ያነባል፣ እንደውም አንድ ቀን ከሥሩ ቆሞ «ይኼ ቤት እንዴት ደስ የሚል ጸጥታ አለው!» አላት። በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤት ጠርታ ባትሪውን አስቀየረች። ለዴል ግን ምንም አልተነፈሰችም። ይኸው አለመተንፈስ ነው እንግዲህ አብሯት ከርሞ፣ በመስከረም ብላክ ሮክ በረሃ ድረስ ተከትሏት የመጣው።

የጆሮ መድከም በራሱ ምን ያሳፍራል? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወርቅ ማዕድን ውስጥ፣ ድንጋይ ከሚፈጭ ማሽን አጠገብ የቆመ ሰው ባይደክም ነበር የሚገርመው። ናዲን ዊነመካ ከተማ ያለ ሐኪም ዘንድ ወስዳ የመስሚያ መሣሪያ አሠርታለታለች። ሁለት ቀን አደረገውና «ነፋስ ሲነካው እንደ ተኩላ ይጮህብኛል» ብሎ የፒክአፑ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። በዚያው ቀረ። ወፍራም ድምፅ ይሰማል፤ የመኪና ሞተር፣ ነጎድጓድ፣ የጓደኛውን የኦሪንን ሳቅ ይሰማል። የጠፋው ቀጭኑ ነው። የቀረውን ከንፈር እያየ፣ እየገመተ፣ ሳይገባው ከሰው ጋር አብሮ እየሳቀ ያልፈዋል። አቤት ጉብዝናው! ናዲን ራሷ ከጭሱ ማስጠንቀቂያ በፊት ስንት ዓመት እንዳታለላት አታውቅም።

ችግሩ ሮኬቱ ነው። የዴል ሮኬት ደግሞ የልጆች ርችት አይደለም፤ ቁመቱ ከሁለት ሰው የሚበልጥ፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳው፣ ሃያ ሁለት ሺህ ጫማ ወጥቶ በሁለት ፓራሹት የሚመለስ ጉድ ነው። ፓራሹቶቹን የሚያስፈነጥረው ባሩድ ነው፤ ባሩዱን በሰዓቱ እንዲፈነዳ የምታዘው ደግሞ ሆዱ ውስጥ ያለች የጣት ስፋት የማትሞላ ኮምፒውተር ናት። አንዷ ብትሰንፍ ሌላዋ እንድትደርስ ሁለት ናቸው። ሮኬቱ የማስወንጨፊያው ሐዲድ ላይ ከቆመ በኋላ ቆዳው ላይ ለእያንዳንዷ የተቀባላትን ነጭ ነጥብ በማግኔት ስትነካው ኮምፒውተሯ ትነቃለች። ስትነቃ ትናገራለች፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ሦስት ካለች ሁለቱም ባሩድ ተገናኝቷል፣ ደህና ነው። ሁለት ወይም አንድ ካለች አንዱ ሽቦ ወልቋል። ዝም ካለች ተኝታለች። ሌላ ምልክት የላትም። መብራት የላትም፣ ጽሑፍ የላትም። ያቺው ጢጥታ ብቻ ናት፤ እሷም ያንኑ የጭስ ማስጠንቀቂያ ድምፅ ቁርጥ።

እስከ ዛሬ ዴልን ያዳነው የኦሪን አፍ ነው። ኦሪን የሮኬት ክለቡ ነገር ሁሉ ነው፤ ሆዱ ከቀበቶው የሚቀድም፣ ምላሱ የማያርፍ፣ ድሮ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው። ሁልጊዜ ከዴል ጋር አብሮ ወደ ማስወንጨፊያው ይሄድና ኮምፒውተሮቹ ሲነቁ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ሦስት! ያችኛዋም ሦስት! በል እንሂድ፣ ቢራው ሞቀ!» ይላል። ዴልም «ሦስት» ብሎ ወረቀቱ ላይ ይጽፋል። ስንት ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ኦሪን የሰው ጆሮ ሆኖ ሲያገለግል መኖሩን አያውቅም።

ዛሬ ግን የሦስተኛው ደረጃ ፈተና ነው። የመጨረሻው ደረጃ፣ ከዚያ በላይ የለም። ዘንድሮ በወጣው ሕግ ፈተናው ላይ ሁሉንም ራስህ ትሠራለህ፤ ራስህ ታጓጉዛለህ፣ ራስህ ታነቃለህ፣ ማንም አጠገብህ አይቆምም። ዴል ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጊዜ ወድቋል። አንዴ ክንፉ አየር ላይ ተገነጠለ፣ አንዴ ሞተሩ ሐዲዱ ላይ ፈነዳ። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ለዚህ ለሦስተኛው አሥራ አራት ወር ጋራዥ ውስጥ ነበር። «ይኼ ካልሆነ በቃኝ፣ ሮኬት የሚባል አላይም» ብሏል፤ ናዲን ደግሞ ዴል በቃኝ ሲል ምን እንደሚመስል አይታለች። ጡረታ በወጣ ሰሞን ሁለት ክረምት ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ነበር። ፊቱን የሚታጠበው እሷ ስትነግረው ነው። ከዚያ ወንበር ያስነሳው ሮኬት ነው። መልሶ እንዳያስቀምጠው ነው የምትፈራው።

«እኔም ልምጣ» አለችው ጠዋት፣ ሮኬቱን ተጎታቹ ላይ ሲያስር። «መኪናው ውስጥ እቀመጣለሁ፣ አልወርድም።»

ዞር ብሎ ከንፈሯን አየ። «በዚህ ዳሌሽ? ያ መንገድ እኮ አጥንትሽን ነው የሚለቃቅመው።»

«ዳሌው የኔ ነው።»

«ሕጉ ብቻውን ይሥራ ነው የሚለው፤ ሚስቱ ታግዘው አይልም። አሁን ደሞ በሚስቱ አለፈ እንዲሉኝ ነው?» ሳቀና ጉንጯን በጣቱ ነካ አደረጋት። «ተቀመጪ እዚህ። አቅራቢ መነጽርሽን ይዘሽ እዪኝ።»

«እነዚያን ጆሮህ ላይ ብታደርጋቸውስ?» አለች፤ መሳቢያው ውስጥ ያሉትን ማለቷ ነው። ግን ይህን ስትል እሱ ገመዱን ሊያጠብቅ ዞሯል፤ ጀርባ ደግሞ ከንፈር አያነብም። ደግማ ልትለው አፏን ከፈተች፤ በዚህ መሀል ኦሪን መጥቶ ትከሻውን መታው።

«አንተ ሽማግሌ! ዛሬም ልትወድቅ ነው?»

«አንተን መሬት ላይ ጥዬ ነው የምወጣው!»

«ኧረ ባክህ! ሆዴን አይተህ ተናገር፣ እኔን ማን ይጥለኛል?» ሁለቱ እንደ ልጅ ተንጫጩ። ናዲንም የከፈተችውን አፍ ዘጋች።

ረፋዱ ላይ ነፋሱ ከመኪኖቹ ኋላ ተነስቶ ነበር፣ ለስለስ ያለ። አርባ የሚሆኑ ሰዎች ፒክአፓቸውን በሁለት ረድፍ አቁመው፣ ድንኳን ዘርግተው፣ ወንበራቸውን ወደ ማስወንጨፊያው አዙረው ተቀምጠዋል። ቶንያ የምትባለው የክለቡ ወጣት ገንዘብ ያዥ በሁለቱ ረድፍ መሀል ምድጃ ተክላ ቋሊማ እየጠበሰች በዳቦ ታድላለች። ናዲን የተቀመጠችበት ተጣጣፊ ወንበር በጣም ዝቅ ያለ ነው። ዳሌዋ ከተቀየረ ወዲህ ያለ ሰው እጅ ከእሱ መነሳት አትችልም፤ ቶንያን ሁለት ጊዜ «ልጄ፣ ሳቢኝ እስቲ» ብላት በእሷ እጅ ተነስታለች።

የዴል ፒክአፕ በተሰነጣጠቀው ነጭ መሬት ላይ አቧራውን እየጎተተ ሩቁ ማስወንጨፊያ ደረሰ። አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ናዲን አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ትልቅ አቅራቢ መነጽር አነሳች።

ሮኬቱን በማንሻው ሲያቆም አየችው። ሐዲዱን ሲያጠብቅ አየችው። ሙቀቱ መሬቱን እያንቀጠቀጠው ሰውዬው ውኃ ውስጥ የቆመ ይመስላል፤ እግሩ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ከዚያ ከደረት ኪሱ ማግኔቱን አወጣ። ላይኛውን ነጥብ ነካ። ታችኛውን ነጥብ ነካ። ጆሮውን ሮኬቱ ላይ ለጠፈ።

«እባክህ ስማ» አለች ናዲን፣ ለማን እንደምትለው ሳታውቅ።

ረጅም ጊዜ ለጥፎ ቆየ። ጆሮ ቀየረ። መዳፉን ሮኬቱ ላይ ዘርግቶ እንደ ሐኪም አዳመጠ። ከዚያ ቀና አለና ማግኔቱን አየው፣ እንደተታለለ ሰው። እንደገና ላይኛውን ነካ፤ እንደገና ታችኛውን ነካ።

ናዲን መነጽሩን ከዓይኗ አወረደች። ያ ማግኔት እንደ ቤት መብራት ነው፤ አንዴ ብትነካው ታበራለህ፣ ሁለተኛ ብትነካው ታጠፋለህ። ሁለተኛውን ነካ ወይስ ላቡን ጠረገ? አቧራውን አራገፈ ይሆን? በዚያ በሚንቀጠቀጥ አየር ውስጥ ምኑ ይታወቃል! መነጽሩን መልሳ አነሳች፤ እሱ ግን ማግኔቱን ኪሱ ከትቶ የእጅ ሬዲዮውን አፉ ላይ አድርጓል።

«ነቅተዋል» አለ የዴል ድምፅ በኦሪን ሬዲዮ።

ኦሪን ጠረጴዛው ጋ ድምፅ ማጉያው ፊት ተቀምጧል፣ ከናዲን አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። «ሬዲዮውን ሮኬቱ ጋ አስጠጋልኝማ» አለው። ነፋስ ብቻ ፉ አለ። «ምንም አይሰማኝም፣ ነፋሱ ነው። ስንት ነው?»

በመነጽሩ ውስጥ ዴል ሮኬቱን ቀና ብሎ አየው።

«ሦስት» አለ ዴል። «ሁለቱም ሦስት።»

«ሁለቱም ሦስት» ብሎ ኦሪን ጻፈ። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ማስወንጨፊያው ጋ የቆመው ሰው የሚለው ይጻፋል፣ ማንም አይጠራጠረውም። እዚህ ክለብ ውስጥ ሰው ስለ ጢጥታ ዋሽቶ አያውቅም። ምን ሊጠቅመው ይዋሻል?

ዴል ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ በርቷል። የሠርጋቸው ዕለት እንኳን እንዲህ አልበራም። መኪናውን አቁሞ እየሮጠ ማለት ይቻላል መጣና ከጎኗ ቆመ። ቶንያ በስተግራቸው፣ ሌሎቹ በስተቀኝ፣ ሁሉም ጀርባውን ይመታዋል።

ናዲን እጁን ስባ ጎንበስ አስደረገችው። «ዴል» አለች ዝቅ ብላ፣ «ስንት ጊዜ ነካኸው?»

«ምን?»

«ማግኔቱን። ስንት ጊዜ ነካኸው?»

ከንፈሯን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ሁለቴ!» አለ በኩራት። «ሁለቴ ለካሁት! ክብደቱም ሚዛኑም ልክ ነው፣ አንቺ ደሞ!»

ነካኸው ስትለው ለካኸው ሰምቶ ነው። ሳያውቀው እውነቱን ተናገረ። ናዲን ጮክ ብላ ልትደግምለት አየር ሳበች፤ ቶንያ ወደ እነሱ ዞረች፣ ፈገግ እንዳለች፣ ቋሊማው መቆንጠጫ ላይ እንደተንጠለጠለ። እንዴት ትጩህ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት «አንተ ሰውዬ፣ ደንቁረሃል፣ ዋሽተሃል» ብላ ትጩህበት? የሳበችውን አየር ቀስ ብላ ለቀቀች።

ኦሪን ድምፅ ማጉያውን ከፈተ። «ክቡራትና ክቡራን! ዴልበርት ለሦስተኛ ጊዜ ሦስተኛውን ደረጃ ሊሞክር ነው። የራስ ቁር ያላችሁ አድርጉ!» ሰው ሳቀ። ዴልም ሰው ሲስቅ አይቶ ሳቀ። «ሰማይ?»

«ንጹሕ!» አለ ሕዝቡ በአንድ አፍ።

«መሬት?»

«ንጹሕ!»

«የሚይዝ አለ?»

ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት። እዚህ ማንም ሰው «ያዝ!» ካለ፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ቢሆን፣ ሁሉም ነገር ይቆማል። ያለው ሰው ግን ማጉያው ጋ ሄዶ ለምን እንዳለ ይናገራል። ቃሏ ናዲን ምላስ ላይ ነበረች። ያዝ። ሁለት ፊደል። «ሙቀቱ ቢሆንስ ያታለለኝ?» አለች በልቧ። «ደህና ሆኖ ሳለ በኔ ቢሰረዝበትስ? ከዚያ በኋላ ማን ብቻውን ይልከዋል? ከዚያ ወንበር ማን ያስነሳዋል?» ኦሪን ሦስት ያህል ትንፋሽ ጠበቀ። ሁልጊዜም ሦስት ነው የሚጠብቀው። ናዲን ሦስቱንም ቆጠረቻቸው።

«የለም። አምስት! አራት!»

«ኦሪን!» አለች ድንገት። «ኦሪን፣ ያዝ!» አለች እንጂ ሕዝቡ በሙሉ አብሮ እየቆጠረ ነው፤ «ሦስት! ሁለት!» የሚለው የአርባ ሰው ጩኸት የእሷን ድምፅ ዋጠው። ልትነሳ ወንበሩን በሁለት እጇ ገፋች፤ ዳሌዋ እንቢ አለና መልሳ ተቀመጠች። ዴልም ከነሱ ጋር እየጮኸ ነበር። «አንድ!»

ሮኬቱ ተነሳ። መጀመሪያ እሳቱ ታየ፣ ከዚያ ድምፁ መጥቶ ደረታቸውን መታው፤ ያንን ዴልም ሰማው፣ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ እንደ እብድ «ሂድ! ሂድ የኔ ልጅ!» አለ። ነጭ ጭሱን እንደ ክር እየፈተለ ወጣ። ቀጥ ብሎ ነበር፤ በኋላ ትንሽ ወደ ነፋሱ አጋደለ፣ ሮኬት ሁልጊዜ ወደ ነፋስ ነው የሚያጋድለው። ነፋሱ ደግሞ ከኋላቸው፣ ከመኪኖቹ በኩል ነው። እሳቱ ጠፋ። ጭሱ አለቀ። ሰማዩ ባዶ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ጥበቃ ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ባሩድ ይፈነዳል፣ የጥጥ ፍሬ የምታህል ነጭ ጭስ ትታያለች፣ ሰው ሁሉ «እሰይ!» ይላል። ሁሉም አንገቱን ሰብሮ ያቺን ጥጥ ፈለገ። ናዲን በመነጽሯ አልፈለገችም። እሷ የምታየው የዴልን ፊት ነው።

«ሠላሳ ሰከንድ» አለ ኦሪን በማጉያው። «ሠላሳ አምስት። አሁን መታየት አለበት። ያየ አለ?»

ማንም አላየም።

«አርባ። ያየ ሰው ይጠቁም።» ድምፁ ውስጥ የነበረው ቀልድ አልቋል። «አርባ አምስት። ፓራሹት አላየሁም። ፓራሹት የለም! ሁላችሁም ተነሱ!»

ጥሩምባውን አምስት ጊዜ ነፋው። ይህ ሲነፋ መሮጥ የለም፣ መኪና ውስጥ መግባት የለም፤ የመኪና ጣሪያ ለዚያ ነገር ወረቀት ነው። ቆመህ ወደ ላይ ታያለህ፣ ካየኸው ትጠቁማለህ፣ ወደ አንተ ከመጣ በመጨረሻዋ ሰዓት ወደ አንድ ወገን ትዘላለህ። ይኸው ነው ያለው መፍትሔ። አርባው ሰው ቆሞ ሰማይ ሰማይ አየ። የሚታይ ነገር ግን የለም፤ ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ አፍንጫውን ቁልቁል አድርጎ የሚመጣ ቀጭን ቱቦ በምን ዓይን ይታያል? የት እንዳለ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው።

ናዲን አልተነሳችም። «ዴል፣ አንሳኝ» አለች። አልሰማም። አፉን ከፍቶ ወደ ማስወንጨፊያው በኩል ያለውን ሰማይ ያስሳል። «ይከፈታል» ይላል ለራሱ። «ሁለተኛው ይከፈታል። ታች ሲደርስ ሁለተኛው ይከፈታል፣ ሁለት እኮ ናቸው። ይከፈታል።»

ቶንያ ምድጃዋን ጥላ መጣችና የናዲንን ክንድ ያዘች። «ናዲንዬ፣ ተነሺ! ተነሺ እባክሽ!» ሳበቻት፤ ግማሽ ድረስ ተነሳች፣ ወንበሩ አብሮ ተነሳና እግሯ ላይ ተጠላለፈ። ሁለቱም ተንገዳገዱ። መልሳ ወደቀች።

ያን ጊዜ ሰማችው። ፉጨት ነው። ቀጭን፣ እየወፈረ የሚመጣ ፉጨት፣ ከፊት ሳይሆን ከአናታቸው ላይ፣ ከመኪኖቹ በኩል። ሰዎቹም ሰሙት፤ አርባው ራስ በአንዴ ወደ ኋላ ዞረ። ያልዞረው የዴል ብቻ ነው። እሱ አሁንም ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ሰማይ እያየ «ይከፈታል» ይላል። ናዲን ቀበቶውን በሁለት እጇ ያዘችው። ወደ ራሷ ትሳበው፣ ትገፋው፣ አላወቀችም። የት እንደሚወርድ የሚያውቅ የለምና ያዘችው ብቻ።

መሬት ተመታ። ፍንዳታ አልነበረም፤ ድፍን ያለ፣ ከባድ፣ ከእግር ሥር የሚመጣ ድምፅ ነበር። ምድጃው ተገልብጦ አየር ላይ ወጣ፤ ነጭ አቧራ ሁሉንም ሸፈነ። ከዚያ ጸጥ አለ። አንድ ሰው «ማን ተመታ?» ብሎ ጮኸ። «ማን ተመታ? ተናገሩ!» ሰዎች ስም ተጠራሩ። እየሳሉ አቤት አቤት ተባባሉ። ማንም አልተመታም። ሮኬቱ የወረደው በሁለቱ ረድፍ መሀል ነው፤ ቶንያ ምድጃውን ትታ ከመሮጧ በፊት ቆማ ከነበረችበት አንድ እርምጃ ርቀት ላይ። ቶንያ ቦታውን አየችው፣ እጇ ላይ የቀረውን መቆንጠጫ አየች፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ናዲንን ሁለት ሰዎች አነሷት። ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ሕዝቡ ከቦት ነበር። ያ ከሁለት ሰው የሚበልጥ ቁመት በሙሉ መሬት ገብቷል፤ ከላይ የቀረው የተጨማደደ ክንፍና አንድ ክንድ የምታህል ቱቦ ናት። ቀይ ቀለሙ አልተነካም፤ ዴል ስድስት ጊዜ ቀብቶታል።

ዴል ጉድጓዱ ጋ ተንበርክኳል። ፊቱ በአቧራ ነጭ ሆኖ ሐውልት መስሏል። ጆሮውን ቱቦዋ ላይ ለጥፏል።

«ዴል» አለ ኦሪን። ቀልዱ፣ ጩኸቱ፣ ሁሉም ጠፍቶበት ድምፁ የሌላ ሰው ሆኗል። «ዴል፣ ስማኝ። ሁለቱም እንዴት አልሠሩም? ሁለቱም በአንዴ? ሦስት አላልከኝም? እኔ እኮ ባንተ ቃል ነው ቁልፉን የተጫንኩት።»

ዴል ቀና አለ። የኦሪንን ከንፈር ያየ ይመስላል፤ «ሦስት» የምትለዋን ያያት ይመስላል። ፊቱ ላይ ተስፋ በራ። «ሦስት ነው!» አለ። «ይኸው እኮ፣ አሁንም እያለ ነው! ኑ ስሙ!» ጆሮውን መልሶ ለጠፈ፣ ጣቱን ወደ ላይ አንስቶ እየቆጠረ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አልሞቱም! እየጮሁ ነው። ነቅተው ነበር፣ አላልኳችሁም? ባሩዱ ነው የከዳኝ እንጂ እኔስ በደንብ አንቅቻቸዋለሁ። ስማ ኦሪን፣ ና ስማ!»

ኦሪን ተንበረከከ። ከሆዱ ጋር ታግሎ ጆሮውን አስጠጋ። አርባው ሰው ትንፋሹን ያዘ። ነፋሱ እንኳን ያን ሰዓት ቆሞ ነበር። ምንም አልነበረም። ቱቦዋ እንደ ድንጋይ ጭጭ ብላለች።

«ሰማህ?» አለ ዴል።

ኦሪን ቀና ብሎ ዴልን አየው፣ ጆሮውን አየው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ናዲንን አየ። ስንት ዓመት «ሦስት፣ እንሂድ» ሲል የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ነው የገባው። «ናዲን?» አለ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ፤ ቶንያም ከተቀመጠችበት ዓይኗን አነሳች።

«ምንም አይሰማም፣ ዴል» አለች ናዲን ቀስ ብላ። «ዝም ብሏል።»

ዴል ፈገግ ብሎ ነበር የሚያያት። ፊቷ ላይ አቧራና እንባ ስላለ ከንፈሯን ማንበብ አልቻለም። «ምን አልሽ?»

«ዝም ብሏል።»

«ምን?» አለ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ። «ጮክ በይ እስቲ፣ ነፋሱ ነው።»

ነፋስ የለም። ናዲን ጠዋት መልሳ የዋጠችውን፣ ቶንያ ስትዞር ቀስ ብላ የለቀቀችውን ትንፋሽ አሁን ሳበችው። «ዝም ብሏል!» ብላ ጮኸች። «ምንም የለም፣ ዴል! አንተ አትሰማም! አትሰማም እኮ!» ድምጿ በዚያ ሜዳ ላይ ሄደ ሄደና የሚመልሰው ተራራ አጣ።

ይህን ሰማው። እጁ ከጆሮው ወረደ። ሰዎቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ዓይን ለዓይን ያየው የለም፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ከደረት ኪሱ ማግኔቱን አወጣና መዳፉ ላይ አገላበጠው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ አንድ ነገር ቆጠረ፣ ተሳሳተ፣ እንደገና ቆጠረ።

«ናዲን» አለ፣ ልጅ እንደሚጠይቀው። «ስንት ጊዜ ነካሁት?»

ለዚህ መጮህ አያስፈልግም። ናዲን እጇን አነሳችና ሁለት ጣት አሳየችው።

ዴል ጣቶቹን አያቸው። ከዚያ ዓይኑ ወረደና አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው መነጽር ላይ ቆመ። «አይተሽኝ ነበር?» አላት።